ቡና በጠፋ ቁጥር የሚፈለገው ሥር

ቺኮሪ በአውሮፓ መንገድ ዳር የሚበቅል፣ ሰማያዊ አበባ የሚያወጣ ተክል ነው። መረር የሚለውን ቅጠሉን ጣሊያኖች ለሰላጣ ያውሉታል። ብራሰልስ ውስጥ ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥሩን ጨለማ ውስጥ አስቀምጠው ነጭ ቅጠል ማብቀል ለመዱ። ሥሩ ተከትፎ፣ ደርቆ ሲቆላ ጠቁሮ ቡና ቡና ይሸታል። ይሁን እንጂ ከቡና ጋር ዝምድና የለውም፤ ካፌይንም የለበትም። ሰዎች ወደዚህ ሥር ፊታቸውን ያዞሩት ብዙውን ጊዜ ቡና ሲከለከሉ ወይም ሲያጡ ነው።

የፕሩሺያው ንጉሥ ታላቁ ፍሬድሪክ ለቡና ግዢ ከአገር የሚወጣው ገንዘብ ያንገበግበው ነበር። በ1781 (እ.ኤ.አ.) ሕዝቡ በየቤቱ ቡና እንዳይቆላ ከለከለ። ከጦሩ የተሰናበቱ ወታደሮችም በየሰፈሩ እየዞሩ የተቆላ ቡና ሽታ እንዲያነፈንፉ ተቀጠሩ። የቡናው ሽታ ጎረቤት በሚጠራበት አገር ላደገ አንባቢ ይህ ለማመን ይከብዳል። ድሃው ጀርመናዊ ቺኮሪ ቆልቶ ጠጣ።

ከዚያ ወዲህ ታሪኩ ደጋግሞ ታየ። ናፖሊዮን በ1806 የእንግሊዝን ንግድ ከአውሮፓ ሲያግድ ፈረንሳዮች ቺኮሪ ለመዱ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወደቧ የተዘጋባት ኒው ኦርሊንስም ቡናዋን በቺኮሪ ታበዛ ነበር፤ ዛሬም ቀላቅላ ትጠጣዋለች።

ለኢትዮጵያውያን የሚቀርበው ግን የ1977ቱ (እ.ኤ.አ.) ታሪክ ነው። በሐምሌ 1975 ብራዚል ውስጥ የወረደው ውርጭ የቡና ዛፎችን ፈጅቶ የዓለምን ዋጋ ሰቀለው። የውጭ ምንዛሪ ያጠራት ምሥራቅ ጀርመን 51 በመቶው ብቻ ቡና፣ የቀረው ቺኮሪና የተቆላ እህል የመሰለ ድብልቅ ለገበያ አቀረበች። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ድብልቁንም በመሪው በኤሪክ ሆኔከር ስም «የኤሪክ ዘውድ» እያለ አላገጠበት።

በዚያው በ1977 የምሥራቅ ጀርመን ገዢ ፓርቲ ባለሥልጣን ቨርነር ላምበርትዝ አዲስ አበባ መጥቶ ከደርግ ጋር ተስማማ። መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ፣ ቡና ወደ ምሥራቅ በርሊን ሊሄድ ነው። ኢትዮጵያ ያኔ ከሶማሊያ ጋር ወደ ጦርነት እያመራች ነበርና ሁለቱም መንግሥታት የቸገራቸውን አገኙ። ልውውጡ ግን አልዘለቀም፤ ብዙም ሳይቆይ ኢትዮጵያ ለቡናዋ የውጭ ምንዛሪ ጠየቀች። የዚያን ዘመን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የጦር ሜዳውን ብቻ ሳይሆን፣ ለመሣሪያው ዋጋ የተከፈለውን ቡናና ያንን ቡና የለቀሙትን ገበሬዎችም ይጻፉልን።