ደጅ ጥናትና ስንብት፦ ከጋይንት ዳገት እስከ ቦሌ መስኮት

በኢንቨስተርነት የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋ ቦሌ ላይ ሲገባ ብታዩት የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ፓስፖርቱንና የመኖሪያ ፈቃዱን መስኮቱ ላይ ያስቀምጣል፤ ኦፊሰሩ ቀኑ አለማለፉን ያያል፣ ፎቶውን ከፊቱ ጋር ያስተያያል፣ ማህተሙን ያሳርፋል፤ አለቀ። አዲስ ቪዛ አይጠየቅም። ጣጣው ያለቀው አስቀድሞ ነው፤ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን ዘንድ ፈቃድ ሲያወጣ፣ በአዋጅ ቁጥር 1180/2012 የተቀመጠውን ካፒታል (በመርህ ደረጃ ለአንድ ፕሮጀክት 200,000 ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ከተጣመረ 150,000 ዶላር) ሲያሳይ። ሲወጣም ያው ማህተም ነው። «ወዴት? ማን ፈቀደልህ? መቼ ትመለሳለህ?» የሚለው የለም።

እኛን የሳበን ይህ አሰልቺነቱ ነው። ምክንያቱም ያለፉትን የ500 ዓመታት ታሪካችንን ብናገላብጥ ወደዚህ አገር ሙያና ገንዘብ ይዞ መምጣት እንዲህ አሰልቺ ሆኖ አያውቅም። ሁለት ነገር ያስፈልግ ነበር። ሲገቡ ደጅ ጥናት፣ ሲወጡ ስንብት። ሁለቱም የሚገኙት ከመዝገብ ሳይሆን ከአንድ ሰው አፍ ነው። (ስንብት የሚለው ቃላችን እስከ ዛሬ ድረስ የወዳጅን መለያየትም፣ ከሥራ መባረርንም፣ ከጌታ ፊት «ሂድ» መባልንም አንድ ላይ ይዞ የሚኖረው ያለ ነገር አይመስለንም።)

እስቲ ከደጅ ጥናቱ እንጀምር። ሆርሙዝድ ራሳም የሚባል የሞሱል ተወላጅ፣ ነነዌ ላይ የጊልጋሜሽን ጽላቶች በማግኘቱ የሚታወቅ ሰው፣ የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሆኖ ሐምሌ 1856 ዓ.ም. ምጽዋ ደረሰ። ጉዳዩ እስረኞችን ማስፈታት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ስላጣ ቆንስል ካሜሮን ከነሰዎቹ ታስሯል። ራሳም ያኔ በቱርኮች እጅ በነበረችው ምጽዋ ተቀምጦ ደብዳቤ ላይ ደብዳቤ ላከ። ሙቀቱን እያሰባችሁ ቁጠሩ፤ «ና» የሚለውን ቃል አግኝቶ ከምጽዋ የተነሣው ጥቅምት 1858 ዓ.ም. ነው። ከአንድ ዓመት በላይ! ከእሱ 95 ዓመት ቀድሞ ጄምስ ብሩስም እዚያው አካባቢ በናይቡ እጅ ሳምንታት ተጉላልቶ ነበር የገባው። ዛሬ በኢንተርኔት ቪዛ አመልክተው ሦስተኛው ቀን ላይ የሚማረሩ እንግዶች ይህን ቢያነቡ ደግ ነበር።

ራሳም ጥር 1858 ዓ.ም. ከንጉሡ ፊት ሲቀርብ በክብር ነው የተቀበሉት። እስረኞቹም ተፈቱ። ጣና ዳር ቆራጣ ላይ ተሰብስበው ዕቃቸውን አሰናዱ፤ የቀረው ስንብቱ ብቻ ነበር። ሚያዝያ ላይ ስንብቱን ሲጠብቁ ተያዙ። ከጥቂት ወራት በኋላ ራሳምም፣ ሊያስፈታቸው የመጣላቸው ሰዎችም መቅደላ ላይ በአንድነት ታሰሩ።

ይህ የዐፄ ቴዎድሮስ ጠባይ ብቻ አድርጎ መውሰድ ግን ስህተት ነው። ፖርቱጋላዊው ፔሮ ዳ ኮቪልያ በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ በዐፄ እስክንድር ዘመን መጣ። ዐፄ እስክንድር ሞቱ፤ ዐፄ ናዖድ አላሰናብትም አሉ፤ ዐፄ ልብነ ድንግልም እንደዚያው። ርስት ተሰጠው፣ ሚስት አገባ፣ ወለደ። በ1512 ዓ.ም. የፖርቱጋል ልዑካን ቡድን ሲመጣ እዚሁ ሸምግሎ አገኙት፤ አገሩንም ሳያይ ቀረ። ምኑ ጎደለበት ቢባል ከመውጫው በቀር ምንም። የመኖሪያ ፈቃድ ማለት የመቅሪያ ትእዛዝ ነበር።

ወደ ፍሬ ጉዳያችን ስንመጣ፣ ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ በገሃድ የታየው በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ነው፤ በጋይንት። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የነበሩትን አውሮፓውያን ሁላችንም ከትምህርት ቤት እናውቃቸዋለን። አብዛኞቹ ባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪስኮና የሚስዮን ማሠልጠኛ የወጡ ወጣቶች ናቸው፤ ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር። ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎ እና ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልም አሉበት። የመጡት ወንጌል ሊሰብኩ ወይም በእጅ ሙያቸው ሊያድሩ ነው። ንጉሡ የፈለጉት መድፍ ነው። በዛሬ ቋንቋ «የፕሮጀክት ዘርፍ ለውጥ» ተደረገባቸው ማለት ነው፤ ማመልከቻ ሳያስገቡ።

መቼም እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አኗኗራቸው ክፉ አልነበረም። ደመወዝ፣ በቅሎ፣ የክብር ልብስ፣ ቤት ተሰጥቷቸዋል። አብዛኞቹ እዚሁ አግብተዋል፤ ዋልድማየር የንጉሡን ወዳጅ የጆን ቤልን ልጅ አገባ። ንጉሡ «ልጆቼ» ይሏቸው ነበር ይባላል። ጭቃ እያቦኩ፣ ምድጃ እየሠሩ፣ እየከሸፈባቸው እንደገና እየጀመሩ፣ በመጨረሻ ወደ 7 ቶን የምትመዝነውን ሴባስቶፖልን አፈሰሱ። ያን ጊዜ በዚህ አገር የእነሱን ያህል የተወደደ የውጭ ሰው አልነበረም።

የተወደደ ሰው ግን የመሄድ መብት ያለው ሰው አይደለም። በ1859 ዓ.ም. የንጉሡ ግዛት እየጠበበ ሲሄድ፣ በጌምድርም ሲሸፍት፣ ጋፋቶች ከቤታቸው ተነሥተው ደብረ ታቦር እንዲቀመጡ ተደረገ፤ የ«ልጆቼ» እና የእስረኛ ልዩነት ጠፋ። አንድ ቀን የማለዳው ስሜት ተለወጠና ፈቃዳቸው ከእሱ ጋር ተለወጠ። የሚጠቅሱት አንቀጽ፣ አቤት የሚሉበት ቢሮ አልነበራቸውም። ፈቃዱ የተጻፈው አንድ ሰው ልብ ላይ ነበርና ሊነበብ የሚችለውም እዚያው ብቻ ነው።

መስከረም 1860 ዓ.ም. ሲያልቅ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። ጉናን ወደ ኋላ ትተው፣ ጋይንትን አቋርጠው፣ በዘቢጥና በዋድላ አድርገው፣ ጅጣንና በሽሎን ተሻግረው መቅደላ የገቡት መጋቢት ላይ ነው። ዛሬ መኪና በአንድ ቀን የሚጨርሰውን መንገድ ስድስት ወር ግድም ፈጀባቸው። መንገድ ስላልነበረ መንገዱን እየሠሩ ነው የሄዱት፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ። ሴባስቶፖል በሠረገላ ላይ፣ መቶዎች በጠፍር እየጎተቷት፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ እንዳታመልጥ ከኋላ እየያዟት። ጋፋቶቹ መንኮራኩሩን ይጠግናሉ፣ መንገዱን ይለካሉ፣ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ከጓዙ ጋር ይከተላሉ።

የጋይንትን ገበሬ ማንም ስለ ፈቃድ አልጠየቀውም። ሠራዊት ሲያልፍበት እህሉን ቀበረ፣ ከብቱን ወደ ገደል ሰደደ፣ ከሰልፉ ወደ ኋላ የቀረውንም አጠቃ። ከመንገዱ በስተደቡብ ወደ ዓባይ የሚወርዱት እስቴና ስማዳም የዚያው የተበረበረው በጌምድር ክፍል ናቸው። ስለ ሴባስቶፖል ሲወራ ጎታቹን እንጂ የተዘረፈውን ጎተራ የሚያነሣ ጥቂት ነው፤ እኛም ጽሑፋችን ስለ እንግዶች ስለሆነ ይህን ብቻ ብለን እናልፋለን። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ስሟ ንፋስ መውጫ ነው። ያኔ በዚያ ዳገት ያለ ስንብት መውጣት የሚችለው በእርግጥም ንፋስ ብቻ ነበር።

በዚያው ሰሞን የተገላቢጦሹም ሆኖ ነበር። ንጉሡ ፍላድ የተባለውን ሚስዮናዊ፣ ሚስቱንና ልጆቹን መያዣ አስቀርተው፣ ተጨማሪ ባለሙያና መሣሪያ እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ ላኩት። እንግሊዞች ባለሙያ ቀጥረው፣ ማሽን ገዝተው ምጽዋ ድረስ ላኩ። እስረኞቹ ስላልተለቀቁ ግን ባለሙያዎቹ ከወደቡ ተመለሱ። ኢትዮጵያ በዚያ ዘመን ከማንም በላይ የፈለገችው ነገር በር ላይ ደርሶ ተመለሰ፤ ምክንያቱም ቀድመው የገቡት መውጣት እንዳልቻሉ ዓለም ሁሉ ሰምቷል። ባለሀብት ስለመሳብ በየስብሰባው የሚቀርቡትን ጥናቶች ያህል ይህ አንድ ገጠመኝ ይነግረናል።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች፤ ጋፋቶች ከናፒየር ጦር ጋር ወጡ። ስንብት የሰጣቸው የሌላ አገር ሠራዊት ነው።

ከዚያ በኋላ መውጫው ለእንግዳ ቀስ በቀስ ሲላላ ለባለቤቱ ግን ብዙ ጠበቀ። በደርግ ጊዜ ኢትዮጵያዊ ከአገሩ ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ያስፈልገው ነበር፤ ያላገኘ የጎንደር ወጣት በሌሊት በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሻገረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ለኢትዮጵያዊም፣ በሕጋዊ መንገድ እዚህ ላለ የውጭ ዜጋም፣ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት ብሎ ጻፈ። ያ ቦሌ ላይ የሚያሰለቸን ማህተም አንዱ ምሰሶው ይህ አንቀጽ ነው። ዳ ኮቪልያ ዕድሜ ልኩን፣ ዋልድማየር በስድስት ወር ዳገት የፈለጉት አንድ መስመር ነበር።

በሱዳን በኩል ከወጡት መካከል ብዙዎቹ የሌላ አገር ፓስፖርት ይዘው ተመለሱ። ሕጋችን (አዋጅ ቁጥር 378/1996) ጥምር ዜግነት ስለማይቀበል እስቴ የተወለደው ሰው ቦሌ ላይ የውጭ ዜጋ ነው። ለእሱ በ1994 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 270 ወጣለትና ቢጫ ካርድ ተሰጠው፤ ያለ ቪዛ ይገባል፣ የመኖሪያም የሥራም ፈቃድ አይጠየቅም፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መሥራት ይችላል። መልካም ነው። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንክ አክሲዮናችሁን መልሱ አላቸው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሕጉ ተሻሽሎ ግዙ ተባሉ። የንጉሥ ስሜት አይደለም፣ ደብዳቤ ነው። ግን በመካከሉ ድርሻውን ያስረከበ ሰው ልዩነቱ ብዙም አልታየው ይሆናል።

የዋልድማየር ነገር ሳይነገር እንዳይቀር። ከመቅደላ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከወጣ በኋላ የሄደው ሊባኖስ ነው። ከቤሩት በላይ ብሩማና ላይ እስከ ዛሬ የሚያስተምር ትምህርት ቤት፣ አስፉሪዬ ላይ ደግሞ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። በጋይንት ዳገት መድፍ ያስጎተተው ሰው ማለት ነው።

ዛሬ ከአማራ ገጠር፣ ከእነዚሁ ወረዳዎችም ጭምር፣ ወደ ቤሩት የሚሄዱት እህቶቻችን ናቸው። ጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ወደ ዓረብ አገራት ለሥራ መሄድን ሲያግድ መስኮቱ ላይ «ወዴት ነሽ?» የተባሉት እነሱ ነበሩ። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ፤ በቦሌ የተከለከለው በበረሃ ሄደ። ደርሰው ደግሞ የሚጠብቃቸው ከፋላ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአሠሪያቸው ጋር የታሰረበት ሥርዓት። ፓስፖርታቸውን ማዳም ትይዛለች። ማዳም ደግ ከሆነች ደህና፤ ካልሆነች ከቤቱ የወጡበት ደቂቃ ሕገ ወጥ ያደርጋቸዋል። ማዳምን የሚያሰናብት የለም፤ እሷ ግን ታሰናብታለች፣ ወይም አታሰናብትም። ጋፋትን ያነበበ ሰው ይህን ሥርዓት ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሰኔ 2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች መክፈል አቃታቸው። ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ ቤሩት በሚገኘው ቆንስላችን በር ላይ፣ ከነሻንጣቸው፣ አንዳንዶቹን ያለ ደመወዝና ያለ ፓስፖርት አራገፏቸው። ልጆቹ አስፋልቱ ላይ ፍራሽ አንጥፈው አደሩ። በሩም ዝግ ነበር።