ሳፊር የተባለችው የመለማመጃ አይሮፕላን

አየር ኃይላችን ከጠላት ወረራ በኋላ እንደ ገና ሲደራጅ፥ ወጣቶቻችን በቢሾፍቱ ሳፊር በምትባል ትንሽ የስዊድን አይሮፕላን መብረርን ተለማመዱ። በ1939 ዓ.ም. ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን አንዲቱን ከስቶክሆልም አስነሥተው፥ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሳያርፉ በርረው አዲስ አበባ አገቧት።

የፊተኛዪቱ ሳፊር ሞተር አራት ሲሊንደር ያለው፥ በነፋስ የሚቀዘቅዝ፥ ጉልበቱም 145 ፈረስ ብቻ ነበር። እሳቱን የሚሰጡት ሁለት ማግኔቶዎች ናቸው፤ አንዱ ቢታወክ ሁለተኛው ሞተሩ እንዳይጠፋ ያደርጋል። ስለዚህ አብራሪው ከመነሣቱ በፊት ሁለቱንም በየተራ እየዘጋ ይመረምራል፤ የሞተሩ ዙር ከልክ በላይ ከቀነሰ አይነሣም። በደጋ አገራችን አየሩ ስስ ስለ ሆነ የሞተሩ ኃይል ይቀንሳል፤ ለመነሣትም ረዘም ያለ ሜዳ ያስፈልጋል።

እኛም ተማሪዎች ከዚህ የምናገኘው ትምህርት፥ ድፍረት የሚከበረው ጥንቃቄ ሲቀድመው መሆኑን ነው።