መንገድና ሐዲድ በሚገናኙበት ቦታ

ባቡር የሚነካው ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ተሳፍሮ የሚጓዝበት ሲሆን፥ ሁለተኛው ሐዲዱን ተሻግሮ ወደ እርሻው፥ ወደ ገበያውና ወደ ትምህርት ቤቱ የሚያልፈው ነው። ተሳፋሪው ዋጋ ስለሚከፍል ኩባንያው ያውቀዋል፤ ተሻጋሪው ግን የሚከፍለው ስለሌለ በሒሳብ መዝገብ ላይ አይገኝም። ሐዲድ ከመዘርጋቱ አስቀድሞ ሕዝብን የመጠየቅ ልማድ እንዴት እንደ መጣ ብንመረምር፥ ነገሩ ይህ ሁለተኛው ሰው ቀስ በቀስ ከቍጥር የገባበት ታሪክ ሆኖ እናገኘዋለን።

ልማዱ ቀድሞ ከጠነከረባቸው አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። በዚያ አገር ሐዲድ ለመዘርጋት የሚሻ ኩባንያ በፓርላማ ሕግ ማስወጣት ነበረበት። ፕላኑን መስመሩ በሚያልፍባቸው አውራጃዎች አስቀምጦ ያሳያል፤ የሚቃወምም አቤቱታውን ጽፎ በፓርላማው ኮሚቴ ፊት ይከራከራል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1825 ዓ.ም. የሊቨርፑልና የማንችስተር መስመር ጉዳይ ሲታይ፥ ባለርስቶችና የጀልባ ቦይ ባለቤቶች መሐንዲሱን ጆርጅ ስቲቨንሰንን በጠበቆቻቸው አማካይነት አጥብቀው አስጠየቁት፤ በልኬቱም ላይ ስሕተት ስለ ተገኘ ነገሩ ሳይፈቀድ ቀረ። ኩባንያው ግን ልኬቱን በአዲስ አስደርጎ፥ መስመሩንም አዛውሮ በ1826 ዓ.ም. ፈቃዱን አገኘ፤ ሐዲዱም በ1830 ዓ.ም. ተከፈተ። ክርክሩ ሥራውን ጥቂት ቢያዘገየውም፥ ስሕተቱ መሬት ላይ ሳይውል ገና በወረቀት ላይ ሳለ እንዲታረም አድርጓል።

ይሁን እንጂ በዚያ ኮሚቴ ፊት በተለይ የሚሰማው ርስትና ገንዘብ ያለው ሰው ነበር። በእግሩና በጋሪው ለሚሻገረው መንገደኛ ጠንካራ መከታ ከሆኑት ሕጎች አንዱ በ1845 ዓ.ም. የወጣው ነው። ይህ ሕግ ሐዲድ የሕዝብን መንገድ በሚያቋርጥበት ቦታ በመሠረቱ ድልድይ እንዲሠራ፥ በአንድ ደረጃ መተላለፍ በተፈቀደበት ስፍራም ኩባንያው በራሱ ወጪ በር አቁሞ ዘበኛ እንዲያኖር አዘዘ። ወጪው በመንገደኛው ላይ ሳይሆን አዲሱን ነገር ባመጣው ላይ ወደቀ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ እንደ እኛ አቈጣጠር በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ስለ መስመሩ የተነጋገሩት ንጉሠ ነገሥቱ፥ ኩባንያውና የአውሮፓ መንግሥታት ነበሩ። ሐዲዱ የግጦሽ ምድሩን አቋርጦ የሚያልፍበት የኢሳ ከብት አርቢ ግን ከንግግሩ ውጪ ቀረ። በሥራው ሰፈሮች ላይ ጥቃት ደረሰ፤ ሰውም ሞተ፤ ኩባንያውም ኋላ ለጎሣ አለቆች ገንዘብ እየከፈለ ለመስማማት ተገደደ። ከደም በፊት ሊደረግ ይገባው የነበረው ምክክር ከደም በኋላ ተደረገ።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ኅብረተሰቡን የሚነካ ፕሮጀክት ሲታቀድ ዜጎች አስተያየታቸውን እንዲጠየቁ መብት ሰጠ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅም ይህንኑ ሐሳብ ወደ ሥራ ለማውረድ ደነገገ። ሆኖም ሕግ መጻፉ ብቻውን አይበቃም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር እንመልከት። ሐዲዱ በዓምድ ላይ ባለፈበት ስፍራ እግረኛው ከሥሩ ይተላለፋል፤ በመሬት ላይ ታጥሮ ባለፈበት ስፍራ ግን ጎረቤት ከጎረቤቱ ወዲያና ወዲህ ተለይቶ፥ መሻገሪያ ፍለጋ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ግድ ሆነበት። ለዚሁ ሥራ በ2005 ዓ.ም. የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ከቦታው ሲነሣም፥ የመመለሱ ቃል ቢሰጥ እንኳ በሕዝቡ ዘንድ ትልቅ ሥጋት አድሮ ነበር። ሐውልቱ በ2008 ዓ.ም. ተመለሰ፤ የተከበረ ቃልም ለሚቀጥለው ምክክር ስንቅ ይሆናል።

እንግዲህ በመንግሥት ሥራ ላይ የምንገኝ ሁሉ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ምክር አለ። አበው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ምክክር ሳይሆን ማስታወቂያ ነው። ፕላኑ ገና በእርሳስ ሳለ፥ ባለጉልቱም፥ ተማሪውም፥ ዓይነ ስውሩም በሚመቻቸው ሰዓትና በሚገባቸው ቋንቋ ሊጠየቁ፥ ሐሳባቸውም ተቀባይነት ባያገኝ ምክንያቱ ሊነገራቸው ይገባል። መሐንዲሱ የሐዲዱን ርዝመት ያውቃል፤ በየቀኑ ስንት ጊዜ እንደሚሻገረው የሚያውቀው ግን የሰፈሩ ሰው ነው።