ማርሽ ቀያሪው ማን ነው? (ሱሉልታ ላይ የተጀመረ ጨዋታ)

ነገሩ የተጀመረው ቅዳሜ ጠዋት ሱሉልታ ላይ ነው። እንጦጦን ተሻግረን፣ አስፋልቱ ዳር ካለች አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር። አምስት ነን። አራታችን ሳምንቱን ስንጽፍ የከረምን፣ አንዱ ደግሞ «አየር ልቀይር» ብሎ የተከተለን። ከወደ አዲስ አበባ አንድ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ከመሬት ጋር የተጣበቀ የሚመስል መኪና መጣ። ድምፁ ከመልኩ ቀድሞ ደረሰ። ሻይ ቤቱ በሙሉ አንገቱን አሰገገ፤ አስተናጋጇም ብርጭቆ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

መኪናው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታው ጋ ሲደርስ ግን ቀጥ አለ። ሆዱ እንዳይፋቅ በሰያፍ፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ፣ ጉልበቱን እንደሚያመው ሽማግሌ እየተጠነቀቀ መውጣት ጀመረ። እሱ ይህን ሲያደርግ ከኋላ የመጡ ስምንት ሯጮች፣ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት አለፉት።

ሳቅን። መቼም አለመሳቅ አይቻልም። ከሳቁ በኋላ ግን ክርክር ተነሳ። እዚህ ከፍታ ላይ፣ እዚህ መንገድ ላይ፣ ፈጣን መኪና መያዝ ምን ማለት ነው? ማንስ ጀመረው? ከባለ መኪናው ጋር ጠብ የለንም፤ ገንዘቡ የራሱ ነው። ጥያቄው ግን ከእሱ ይበልጥ ያረጀ ሆኖ አገኘነው።

<b>እንጦጦ ላይ ሣር የሚግጡ ፈረሶች</b>

መጀመሪያ ስለ አየሩ እናውራ። መኪና እንደ ሰው ይተነፍሳል። ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው ከአየር በሚያገኘው ኦክስጅን ነው። ከባሕር ወለል ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በግምት በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህሉን ያጣል። ሱሉልታ 2,700 ሜትር ግድም ላይ ናት። እንግዲህ አስሉት፤ የባሕር ዳርቻ ከተማ ውስጥ 500 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ሱሉልታ ሲደርስ አንድ አራተኛ ያህሉን አጥቷል። 125ቱ ፈረስ እንጦጦ ላይ ሣር ሲግጡ ቀርተዋል ማለት ነው!

የሚገርመው ሯጮቹ ወደ ሱሉልታ የሚመጡት በዚሁ ምክንያት መሆኑ ነው። ስስ አየር ላይ የሚኖርና የሚሠራ ሰው ደሙ ኦክስጅን መሸከምን ይለምዳል። ለዚህ ነው ቀነኒሳ በቀለ እዚህ የመሮጫ መም ያሠራው፤ ለዚህ ነው ፈረንጆቹም ሻንጣቸውን ይዘው ያያ ቪሌጅ የሚያርፉት። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. የሜክሲኮ ኦሎምፒክ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ሲካሄድ የቆላ አገር ሯጮች በረጅም ርቀት ትንፋሽ አጠራቸው። የእኛው ማሞ ወልዴ ግን በ10,000 ሜትር ብር፣ በማራቶን ወርቅ ወሰደ። አንዱ አየር ከመኪናው ይቀንሳል፣ ለሯጩ ይጨምራል። ያን ቀን ጉብታው ላይ ያየነውም ይኸው ነበር።

<b>በሰው ጫንቃ የመጣ ፍጥነት</b>

አሁን ወደ ቡራዩ እንሻገር። ዛሬ ሚኒባስና ባጃጅ የሚጋፉበት ይህ አቅጣጫ የአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ መንገድ የተዘረጋበት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ አዲስ አበባን ከአዲስ ዓለም የሚያገናኘውን መንገድ አሠሩ። የድንጋይ መዳመጫውን ማሽን ያስመጣው አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ሲሆን፣ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ያ ማሽን መንገድ ሊሠራ የመጣ ነው፤ እሱ ራሱ የሚመጣበት መንገድ ግን አልነበረውም። ከባሕር ጠረፍ እዚህ የደረሰው በሰው ጉልበት እየተጎተተ ነው።

የመጀመሪያው አውቶሞቢልም ዕጣው ከዚህ አልተለየም። ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለች መኪና ይዞ ከጅቡቲ ተነሳ። (ስሙ እንዳያሳስታችሁ፤ ቤንትሌይ የሚባለው የመኪና ፋብሪካ ያኔ ገና አልተቋቋመም።) በረሃውን፣ አሸዋውንና ገደሉን ወራት ፈጅቶ አቋርጦ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ክሊፎርድ ሃሌ የተባለ ጸሐፊ የጉዞውን ታሪክ «ወደ ምኒልክ በመኪና» በሚል ርእስ እ.ኤ.አ. በ1913 ለንደን ላይ አሳትሞታል። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። መኪናዋ ባቡሩን በዘጠኝ ዓመት ቀድማዋለች ማለት ነው፤ ግን በራሷ ጎማ ብቻ አይደለም። መንገድ በጠፋበት ሁሉ ሰው እየገፋት ነው።

ይህን ነገር ልብ በሉልን። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዚህ ደጋ ላይ የአንድ ሰው ፍጥነት የብዙ ሰው ላብ ነበር።

<b>«ማርሽ» የጋራዥ ቃል ብቻ አይደለም</b>

ከዚያ ጣልያን መጣ። በአምስቱ ዓመት መንገድም ሠራ፣ ቃልም ጥሎ ሄደ። ማንኛውም ጋራዥ ግቡ፦ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኮፈን፣ ማርሚታ… «መኪና» ራሱ ጣልያንኛ ነው። «ማርሽ»ም እንደዚያው። ቃሉ በጣልያንኛ የመኪና ማርሽ ብቻ ሳይሆን የእግር ጉዞም ማለት ነው።

በሐምሌ 1972 ዓ.ም. ምሩጽ ይፍጠር ሞስኮ ላይ 5,000ውንም 10,000ውንም ሲያሸንፍ የአገሬው ሰው ስም ፈለገለት። ከአንበሳም ከነብርም አልወሰደም፤ ጋራዥ ገብቶ «ማርሽ ቀያሪው» አለው። አብዛኛው ሕዝብ መኪና በሌለበት አገር፣ የመኪናን ነገር ለእግረኛ ማዕረግ አድርገን ሰጠን። ቃሉ ዞሮ ዞሮ ወደ እግሩ ተመለሰ!

<b>የአበበ ቮልስ</b>

ጨዋታው እዚህ ላይ ሲደርስ ሳቃችን ቀነሰ። የአበበ ታሪክ ተነሳ።

ሻምበል አበበ ቢቂላ በጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደገመው፤ የዓለም ፈጣን ሰዓትም አስመዘገበ፤ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ቮልስ ሸለሙት።

ቮልስ ስንል «ይቺ ደግሞ ምን ስፖርት መኪና ናት?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። የቮልስ አባት ፈርዲናንድ ፖርሽ መሆኑን እናስታውሰው። የፖርሽ የመጀመሪያዎቹ ስፖርት መኪኖች ከ1948 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲሠሩ ብዙ ዕቃ የተዋሱት ከዚህችው ከቮልስ ነው። ደግሞስ በ1957 ዓ.ም. ለአንድ የገበሬ ልጅ፣ ለአንድ የክብር ዘበኛ ወታደር፣ የራሱ መኪና ቁልፍ ማለት ምን ማለት እንደነበር አስቡት። ዛሬ ከሱሉልታው ቀይ መኪና ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ አበበ ያችን ቮልስ እየነዳ ነበር። ሸኖ አካባቢ፣ በደብረ ብርሃን መንገድ ላይ፣ መኪናዋ ከቁጥጥሩ ውጭ ሆና ተገለበጠች። አበበ ከውስጥ ተጣብቆ ቀረ። የወጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። የክብር ዘበኛ ሆስፒታል ወሰዱት፤ ከዚያም እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ተላከ። እግሮቹ ግን ከዚያ በኋላ አልተራመዱም። ቀስት ወረወረ፣ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ተንሸራታች ተወዳደረ፤ መወዳደሩን አልተወም። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ።

«በማግስቱ ጠዋት» የሚለውን ደግማችሁ አንብቡልን። መኪናው ነበር፤ አስፋልቱም ነበር። ያልነበረው ሌሊቱን የሚደርስ ሰው ነው። 42 ኪሎ ሜትሩን ከማንም ፈጥኖ የጨረሰ ሰው እርዳታ ሲጠብቅ አንድ ሙሉ ሌሊት አለፈ። ፍጥነትን ሸለምነው፤ ፍጥነት ሲወድቅ የሚያነሳውን ነገር ግን አልሠራንም።

ሸላሚውስ? መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥታቸው ያስወጣቸው በሮልስ ሮይሳቸው አልነበረም። በቮልስ ነው።

<b>ከሽልማት ወደ ጉምሩክ</b>

በነሐሴ 1985 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሽቱትጋርት ላይ 10,000 ሜትር አሸነፈ። ኬንያዊው ሞሰስ ታኑይ ኃይሌ ከኋላ ረግጦት ጫማው ወልቆ የሮጠበት ያ ውድድር ነው። ሽቱትጋርት የመርሰዲስ አገር ስለሆነች ለየሻምፒዮኑ መርሰዲስ ተሰጠ። ከአበበ ቮልስ እስከ ኃይሌ መርሰዲስ ወደ ሠላሳ ዓመት ግድም ነው። ልዩነቱ ይህኛውን ንጉሥ አለመስጠቱ ነው፤ እግሩ አመጣው። ኃይሌ ኋላ መኪና አስመጪም ገጣጣሚም ሆነ።

እንደ እኛ ያለው ሰው ግን መኪናን የሚተዋወቀው ጉምሩክ በር ላይ ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነ መኪና 100 በመቶ ይከፍል ነበር። ብዕር አንሱና አብረን እናስላ፦ 100 ብር የገባ መኪና 35 በመቶ ቀረጥ ሲጨመርበት 135 ይሆናል። ኤክሳይዙ ሲደርስበት 270። 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 310 ብር ከ50 ሳንቲም። 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲደረብ 341 ብር ከ55 ሳንቲም! የ2012ቱ አዋጅ ደግሞ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ አደረሰው። ቪትዝ ከቤት እኩል የሚወራበት አገር የሆንነው እንዲህ ነው።

ከዚያ በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዓለም የመጀመሪያዎቹ ሆንን! ለኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ቀደም ብሎ ቫቱም፣ ሱር ታክሱም፣ ኤክሳይዙም ተነስቶለት ነበር። እዚህ ላይ ታሪክ ትንሽ ይቀልዳል፤ ኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም። እንጦጦ ላይ ሣር የሚግጥ ፈረስ የለውም፤ 500ው ሱሉልታም ላይ 500 ነው። ለዚህ ደጋ የሚስማማው መኪና በ1900 ዓ.ም. ከመጣው ዓይነት ሌላ ሆኖ ተገኘ። ቤንትሌይ ወራት የፈጀበትን የጅቡቲ መንገድ ዛሬ ከሰበታ የሚነሳው ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄደዋል፤ 750 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ማንም ሳይገፋው።

<b>መንገዱ የማን ነው?</b>

ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ። ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሸገር ከተማ አካል ናቸው። ሦስቱም የአዲስ አበባ በሮች ናቸው። በሦስቱም በር የሚገባው የስፖርት መኪና አይደለም፤ ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ያለው ሲኖትራክ፣ «አልቃይዳ» ያለው አይሱዙ ነው። ስም ማውጣት እናውቅበታለን። ሯጩን በማርሽ ጠራነው፤ ጭነት መኪናውን በገዳይ ስም ጠራነው። ሁለቱም በአንድ አስፋልት ላይ ናቸው።

ከአምስታችን አንዱ፣ «አየር ልቀይር» ብሎ የተከተለን ልጅ፣ ታናሽ ወንድሙን የቀበረው በመኪና አደጋ ነው። ልጁ ሩጫ ይሞክር ነበር። በጨዋታው መሀል ዝም ብሎ ሰንብቶ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ «መኪናውን ተዉት። ዳር ዳሩን የሚሮጡበት መንገድ ቢኖር እኮ…» አልጨረሰውም። እኛም አላስጨረስነውም።

ለቀዩ መኪና ምቀኝነት የለንም። ያማረ ነገር ያምራል፤ አስተናጋጇም ብርጭቆዋን ይዛ የቆመችው በከንቱ አይደለም። ግን መቶ ምናምን ዓመት ሙሉ ጥያቄያችን «ማን ምን ያህል ፈጣን መኪና ያዘ?» ሆኖ ቆይቷል። «ሸኖ ላይ የተገለበጠውን ሰው ማን በስንት ሰዓት ይደርስለታል?» ብለን የጠየቅንበት ቀን ግን ጥቂት ነው። ለኛ ትክክለኛው የፍጥነት መለኪያ ሁለተኛው ነው።

ሻያችንን ጨርሰን ልንነሳ ስንል ሯጮቹ ተመልሰው መጡ። አሁን እያወሩ አልነበረም፤ ማርሽ ቀይረዋል። አንድ ሲኖትራክ ከኋላቸው ጥሩምባውን ነፋ። አንድ በአንድ ተሰልፈው ወደ ጠርዙ፣ ወደ ኮረቱ ወረዱ፤ እስኪያልፍ ጠበቁና ተመልሰው አስፋልቱ ላይ ወጡ።

እናንተስ? በሰፈራችሁ በኩል የሚሮጥ ልጅ የሚሮጠው የት ላይ ነው? እስቲ በዚህ ሳምንት አንድ ጠዋት ወጣ ብላችሁ እዩልን።

መልካም ሰንበት።