ስለ እንግሊዝኛ መስተዋድድና ስለ ሙሉ ዓረፍተ ነገር

እንግሊዝኛ በአገራችን ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያውን ቦታ ያገኘው ዘግይቶ ነው። በ1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት እንኳ ከውጭ ቋንቋዎች ይበልጥ የተከበረው ፈረንሳይኛ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ከወጣ በኋላ ግን እንግሊዝኛ ዋና የትምህርት ቋንቋ ሆነ፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ አንደኛ ደረጃው ወደ አማርኛ ሲመለስም ሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ ቀረ። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲም ይህንኑ አጸና።

ስለዚህ እኛ የራያ ቆላ ልጆች የማሽላን ነገር ከአባቶቻችን እርሻ ብናውቀውም፣ በፈተና ጊዜ የምናውቀውን የምንገልጸው በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ነው። ዓረፍተ ነገሩ ከተሰበረ ዕውቀቱም አብሮ ይወድቃል። የአንዲት ቃል ነገር ቀላል አለመሆኑን ደግሞ ጎረቤታችን ውጫሌ ትመሰክራለች። ከቆቦ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ወልድያንና መርሳን አልፎ ያገኛታል። በ1881 ዓ.ም. በዚያ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው የሚፈቅድ፣ በጣሊያንኛው ግን የሚያስገድድ ሆኖ በመገኘቱ የተነሣው ጠብ በ1888 ዓ.ም. እስከ ዓድዋ አድርሷል።

ወደ መስተዋድድ እንመለስ። እኛ «በቆቦ፣ በሰኞ ዕለት፣ በሁለት ሰዓት» ስንል አንዷ «በ» ሦስቱንም ትሸከማለች። እንግሊዝኛ ግን ሥራውን ለሦስት ያከፋፍለዋል፤ «ኢን ቆቦ፣ ኦን መንደይ፣ አት ኤይት ኦክሎክ» ይላል። (ሰዓቱ ራሱ ስድስት መዝለሉን ልብ ይሏል።) «ቤት ውስጥ» የምንለውንም ገልብጦ «ኢን ዘ ሃውስ» ይለዋል። ይህ አቀማመጥ ለብዙዎቻችን እንግዳ ይመስላል፤ ነገር ግን ግዕዝም «ውስተ ቤት» ብሎ መስተዋድዱን ያስቀድማል። በቅኔ ቤት አገባብን የተማረ ሰው እንግሊዝኛውን በዚህ በኩል አይፈራውም፤ እኛም ከእነርሱ ብንጠይቅ ነውር የለበትም።

በሙሉ ዓረፍተ ነገር ግን ግዕዝም አይረዳንም። በራያ ቆላ «ዘነበ» ማለት ብቻውን ሙሉ ወሬ ነው፤ ገበሬውም ሞፈሩን ያነሣል። ግዕዙም «ዘንመ» ብሎ ያበቃል፤ ባለቤቱ ከግሱ ውስጥ ተሰውሯልና። እንግሊዝኛው «ሬይንድ» ብቻ ቢሉት ጎዶሎ ነው ይላል፤ «ኢት ሬይንድ» መባል አለበት። ይህ «ኢት» ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ በየክፍሉ አይታጣም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ማንም አይደለም፤ የባለቤት ወንበር ባዶ እንዳይሆን የተቀመጠ ቃል ነው።