አዝማቹ የት ይቁም?



የሰባታሚት ልጆቻችን ዛሬ በስልክ የጦርነት ጨዋታ ሲጫወቱ፣ አለቃውን ከፊት እናሰልፈው ወይስ ከኋላ እናቆየው እያሉ ሲከራከሩ እንሰማለን። ክርክሩ ግን አዲስ አይደለም። አባቶቻችን በሰንጠረዥም በጦር ሜዳም ያውቁታል፤ በጦር ሜዳው ደግሞ ዋጋው ሕይወት ነበር።

የመልሱ ግማሽ በማዕረግ ስም ውስጥ አለ። በእድር መዝገብ ላይ የአንዱ አባት «ግራዝማች» ተብሎ ሲጻፍ የክብር ስም ብቻ ይመስለናል፤ ጥንቱን ግን የቦታ ስም ነው። ፊታውራሪ ከፊት ይቀድማል፣ ቀኛዝማች ቀኙን፣ ግራዝማች ግራውን ያዘምታል፣ ደጃዝማች የንጉሡን ደጅ ይይዛል፤ ከኋላ ደጀን አለ። ንጉሡ መካከል ነው። ሲሰፈርም ድንኳን የሚተከለው በዚሁ ደንብ ስለነበረ ቦታዬ የት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ታዲያ ንጉሡ መካከል ሆኖ ዝም ብሎ ያያል ወይ? ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የያኔው ወታደር የዘመተው ጌታውን ተከትሎ ነው። ጌታው ከታየው ይበረታል፤ ጌታው ከወደቀ ግን ለማን ብሎ ይዋጋል?

የእኛው የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በግንቦት 1874 ዓ.ም. ዓባይን ተሻግረው እምባቦ ላይ ከንጉሥ ምኒልክ ጦር ጋር ሲገጥሙ ጦራቸው ድል ሆነ፤ እሳቸውም ቆስለው ተማረኩ። ከዚያ የባሰው የመተማው ነው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ጦራቸውን ራሳቸው እየመሩ በደርቡሾች ላይ ወረዱ። ጦሩ የእሾህ አጥሩን ጥሶ ገብቶ ነበር፤ ድሉ በእጅ ገባ ሲባል ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ። ወሬው ሲሰማ ያ ሁሉ ጦር ወደ ኋላ ተመለሰ። በማግስቱ አረፉ፤ አስከሬናቸው እንኳ በጠላት እጅ ወድቆ ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። አንዲት ጥይት የተገኘውን ድል አስጣለች ማለት ነው። ጀግንነታቸውን የሚነቅፍ የለም፤ ቦታው ግን፣ በእኛ አስተያየት፣ የፊታውራሪ ቦታ ነበር።

ከ7 ዓመት በኋላ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ፊታውራሪ ገበየሁ እንደ ስማቸው ከፊት ሆነው ሲዋጉ ወደቁ። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ደግሞ ተጠባባቂውን ጦር ይዘው ቆዩና የአልቤርቶኔ ጦር አላላውስ ባለ ጊዜ ለቀቁበት፤ ጄኔራሉም ተማረከ። የጣሊያኑ ዋና አዛዥ ባራቲዬሪ ግን ጦሩን በተራራ መካከል ከፋፍሎ ልኮ፣ አንዱ ሌላውን መርዳት ሳይችል ቀረ። ኋላ መቆም ብቻውን አይበቃም፤ የሚላክ ጦርና የሚደርስ ቃል ያስፈልጋል።

ከጣና ማዶ የበጌምድሩ ራስ ጉግሣ ወሌ በመጋቢት 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ሲዋጉ ተገደሉ፤ አመፁም አብሯቸው አበቃ። በዚያ ቀን ከላይ አውሮፕላን ነበረ። ከአውሮፕላን ለመሸሸግ ፊትም ኋላም አንድ ነው።

በመጨረሻ አንድ የስም ነገር እንጨምር። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የጦር ሚኒስትር ሆነው፣ በ1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤልን ድል ያደረገውን ጦር መርተው፣ በ1919 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ የሚጠሩት በዚያው በፊት ተሰላፊው ስም ነበር።