ያልተዘጋ ሒሳብ

በባንክ ቤት የሥራ ቀን የሚያልቀው የመጨረሻው ደንበኛ ሲወጣ አይደለም። እንዲያውም ዋናው ሥራ የሚጀመረው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ገንዘብ ያዥ እጁ ላይ ያለውን ብር እየቆጠረ ያስራል፤ ገቢና ወጪ የሆነበትን ወረቀት ይደምራል፤ ሁለቱ ድምሮች ከተገናኙ ሒሳቡ ተዘጋ ይባላል። ካልተገናኙ ግን ወደ ቤት መሄድ የለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ የደመወዝ ሰሞን፣ የእኔ ሒሳብ 2,000 ብር ጎደለ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ነው። ባልደረቦቼ ቀና ብለው አላዩኝም፤ አለማየታቸው ግን ከማየት የባሰ ነበር። ከወዲያ ጥግ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሆነ ነገር ሲናገር፣ ሌላው ሲስቅ ሰማሁ። ተቆጣጣሪያችን በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። መነጽራቸውን አድርገው አጠገቤ ተቀመጡና «ወረቀቱ ሳይናገር ሰው አይናገርም» አሉ። እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ድረስ ወረቀት ስናገላብጥ ቆየን። በመጨረሻ፣ አንድ ጊዜ ተቀብዬ ሁለት ጊዜ የመዘገብኩት ገቢ ተገኘ። ሌባ አልነበረም፤ ስህተት ነበር። ሌባ ቢኖር ኖሮም የሚገኘው በዚያው መንገድ ነበር።

ስለ ሹማምንት ቅሌትና ስለ መንግሥት በደል ባነበብኩ ቁጥር የምትታወሰኝ ያቺ ምሽት ናት። እኔ ፖለቲከኛም የታሪክ ሊቅም አይደለሁም። ቀን ብር የምቆጥር፣ ማታ ስንኝ የምቆጥር ተራ ሰው ነኝ። ነገር ግን የመንግሥትን ጉድ የመከታተል አመል አለብኝ። አመሉን የወረስኩት ከአባቴ ነው። አባቴ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ከአዲስ ዘመን ጋዜጣ እየቀደዱ ያጠራቀሟቸው ቁርጥራጮች በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጠዋል። አብዛኞቹ የ1966 እና የ1967 ዓ.ም. ናቸው። በዚያን ጊዜ አባቴ የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪ ነበሩ።

ያን ዘመን ያላየን ልጆች አብዮቱን የምናውቀው በመፈክሩ ነው። አባቴ ግን የሚያስታውሱት እንደ አንድ ረጅም የምርመራ ወሬ ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ መናር ምክንያት ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም ተነሡ፤ ወታደሩም ደመወዜና ምግቤ ብሎ አጉረመረመ። የካቲት 20 ቀን የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» በሚባልበት አገር፣ ሚኒስትር ሲጠየቅ ማየት አዲስ ነገር ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የቀድሞ ባለሥልጣኖችን ጉዳይ የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። በአባላቱ መካከል እንደ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ያሉ ምሁራን ነበሩበት። አባቴ በሰፈራቸው ሻይ ቤት ሽማግሌዎች ጋዜጣ ሲያስነብቧቸው እያንዳንዱን ስም እንደ ኳስ ቡድን አሰላለፍ በቃላቸው ይዘው ነበር።

ከሚመረመሩት ጉዳዮች ሁሉ የከበደው የወሎ ረሃብ ነበር። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ ከብቱን ሸጦ፣ ማረሻውን ሸጦ፣ በመጨረሻ ከነቤተሰቡ ወደ ደሴ መንገድ ወጣ። በጎዳናው ግራና ቀኝ ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና ይለምን ነበር። ነገሩ ፈጽሞ ያልታየ ነበር ማለት አይቻልም። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስፍራው የሄዱ መምህራን ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በዚያው ዓመት ግቢው ውስጥ ለሕዝብ አሳይተው ነበር። መንግሥት ግን ነገሩን አድበሰበሰው። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ግምቱ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል። እንደ ባንክ ሠራተኛ ይህ ልዩነት ያስደነግጠኛል። በ160 ሺህ ነፍስ የሚለያዩ ሁለት ድምሮች! ያልተቆጠረ ሰው ማለት ይህ ነው።

የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ረሃብ መርምሯል። የደረሰበት ነገር ከድርቁ ይልቅ ያማል። በዚያ የረሃብ ዘመን በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህልም ነበር። ገበሬው የሞተው በአገሩ እህል ስላልነበረ ብቻ አይደለም፤ የሚገዛበት ስላጣ ነው። በዚያ መንገድ ዳር ተኝቶ ሳለ እህል የጫነ መኪና በአጠገቡ አልፏል ማለት ነው።

እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ርዕሱ «ያልታወቀው ረሃብ» የሚል ነበር። ዓለም አየው፤ የአዲስ አበባ ሰው ግን በቴሌቪዥኑ ለማየት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው መጠበቅ ነበረበት።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዕለት ማታ፣ አባቴ ቴሌቪዥን ካለው ጎረቤት ቤት ሄዱ። ሰው ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ በመስኮትም ተንጠልጥሎ ያይ ነበር። ደርግ ፊልሙን እንዳለ አላሳየም፤ በተራበው ሕፃን ፊትና በቤተ መንግሥቱ ግብዣ መካከል እያቀያየረ ቀጣጥሎታል። አጥንቱ የወጣ ልጅ ይታያል፤ ቀጥሎ ኬክ ይታያል። «ማንም አልተናገረም» ይላሉ አባቴ። «የጎረቤታችን ሚስት ለበዓል የሠራችውን ዶሮ ወጥ አቅርባ ነበር፤ አንድም ሰው እጁን አልሰደደም።»

በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወርደው በአንዲት ቮልስዋገን መኪና ከቤተ መንግሥቱ ተወሰዱ። በመንገዱ የተሰበሰበው ሰው «ሌባ! ሌባ!» እያለ ጮኸ። አባቴም ከጮኹት መካከል ነበሩ።

«ሌባ» የምትለው ቃል ለእኔ የሥራዬ ቃል ናት። አንድን ሰው ሌባ ለማለት ሦስት ነገር መታወቅ አለበት፤ ምን ጎደለ፣ ከየት ጎደለ፣ ማን እጅ ገባ። ደርግ ንጉሡ በስዊስ ባንኮች እጅግ ብዙ ገንዘብ አስቀምጠዋል ብሎ ለሕዝብ ነገረ። ያ ገንዘብ ተገኝቶ ወደ አገር ቤት ስለመመለሱ ግን ሕዝቡ ያየው ሰነድ የለም። እውነት ነበር? ሐሰት ነበር? በጩኸቱ መካከል ወረቀቱን የጠየቀ አልነበረም። ልብ በሉ፤ ንጉሡ ንጹሕ ነበሩ እያልኩ አይደለም። በወሎ ለሞተው ሰው ሊጠየቁበት የሚገባ ብዙ ነገር ነበር። የምለው፣ አልተጠየቁም ነው። መጮህና መጠየቅ አንድ አይደሉም።

መርማሪ ኮሚሽኑ ይጠይቅ ነበር። አክሊሉ ሀብተ ወልድ በእስር ላይ ሳሉ ለዚሁ ኮሚሽን የጻፉት ቃል በኋላ «የአክሊሉ ማስታወሻ» ተብሎ ታትሞ እናነበዋለን። ሰውየው ራሳቸውን ይከላከላሉ፤ አንባቢ ሊስማማ ይችላል፣ ላይስማማም ይችላል። ዋናው ነገር ግን አንድ የአገር መሪ ስለ ሥራው በጽሑፍ ቃሉን ሲሰጥ ማየት ነው። አንድ ወረቀት ከሌላው ጋር ሊመሳከር ተጀምሮ ነበር።

አልተጨረሰም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ሌሊት፣ 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። አክሊሉ ሀብተ ወልድና በእርሳቸው እግር የተተኩት እንዳልካቸው መኮንን ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። የራሱ የደርግ ሊቀመንበር የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶምም በዚያው ሌሊት በቤታቸው ሞቱ። እሑድ ጧት ሬዲዮው ተናገረ፤ ውሳኔው «ፖለቲካዊ ውሳኔ» ነው ተባለ። መርማሪው ጥያቄውን ሳይጨርስ መላሾቹ ጠፉ።

አባቴ ስለዚያ እሑድ ለረጅም ጊዜ አልነገሩኝም ነበር። ቆርቆሮውን ሲሰጡኝ ነው የተናገሩት።

«ደስ አለኝ» አሉኝ። «ከጓደኞቼ ጋር እየዘለልን መንገድ ወጣን። ያ ፊልም ገና ከዓይኔ አልጠፋም ነበር። ከተገደሉት ውስጥ የትኛው ሰው ምን እንዳደረገ አላውቅም ነበር።»

ዝም አልኩ።

«አሁንም አላውቅም» አሉ።

በዚያው ቆርቆሮ ውስጥ የሌላ አገር ወሬ የያዘ ቁርጥራጭም አለ፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ሥልጣን መልቀቅ። ኒክሰን የወረደው ነሐሴ 3 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው፤ ከንጉሡ 34 ቀን ቀደም ብሎ። የዋተርጌትን ታሪክ ሳነብ የባንክ ሠራተኛ ልቤን የሚነካው አንድ ቼክ ነው። ለምርጫ ዘመቻ የተሰጠ የ25 ሺህ ዶላር ቼክ፣ የተቃዋሚውን ፓርቲ ቢሮ ሲሰብሩ ከተያዙት አምስት ሰዎች በአንደኛው የባንክ ሒሳብ ገብቶ ተገኘ። ያ ወረቀት በጋዜጣ፣ በምክር ቤትና በፍርድ ቤት እየተመሳከረ ሄዶ ሁለት ዓመት ቆይቶ ቤተ መንግሥት ደረሰ። ሐምሌ 17 ቀን 1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንቱ የደበቀውን የድምፅ ካሴት እንዲያስረክብ አዘዘ፤ አስረከበም።

እዚያም ቢሆን ሒሳቡ በደንብ አልተዘጋም። ጳጉሜ 3 ቀን ተተኪው ጄራልድ ፎርድ ኒክሰን ሳይከሰስ ይቅርታ አደረገለት። በአንድ ወቅት ሁለት አገሮች መዝገባቸውን ሳይጨርሱ ዘጉ፤ አንደኛው በይቅርታ፣ ሁለተኛው በጥይት። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በይቅርታ የተዘጋውን መዝገብ ልጅ ገልጦ ሊያነበው ይችላል። በጥይት የተዘጋው ግን ግማሹ ገጽ ከሟቹ ጋር ተቀብሯል።

የእኛ ሒሳብ አለመዘጋቱ የታወቀው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ በታላቅ ድግስ አከበረ። በዚያን ጊዜ በወሎና በትግራይ ሰው በረሃብ ያልቅ ነበር፤ ወሬውም እንዳይሰማ ይታፈን ነበር። ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲ ካሜራ የቆረምን ሜዳ ለዓለም አሳየ። ከዲምብልቢ ፊልም 11 ዓመት ከ5 ቀን በኋላ መሆኑ ነው! ረሃብና ድግስ ጎን ለጎን ቀጣጥሎ ያሳየን መንግሥት፣ ራሱ ያንኑ ፊልም ደግሞ ሠራው። ከመካከላቸው እንዲህ ያለው ነገር በምን መንገድ እንደሚደበቅ ለይቶ የመዘገበ፣ ተጠያቂውን በስሙና በሥራው ያስቀመጠ ፍርድ አልነበረምና፣ ሁለተኛው ባለሥልጣን ከመጀመሪያው የተማረው ፍርሃትን እንጂ ኃላፊነትን አልነበረም።

በኋላ ግን ወረቀት ተናግሯል። በ1987 ዓ.ም. በተጀመረውና በ1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ፍርድ በተሰጠበት የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት፣ የእነዚያ ሰዎች ግድያ ከክሶቹ አንዱ ነበር። ከማስረጃዎቹ መካከል የራሳቸው የደርጎች ፊርማ ያረፈባቸው ሰነዶች ይገኙባቸዋል። አሥራ ሁለት ዓመት ግድም የፈጀ ችሎት ነው፤ ስለ ርዝመቱና ስለ ጉድለቱ ብዙ ተብሏል። ተከሳሾቹ ግን ጠበቃ ነበራቸው፤ ምስክር ተሰምቷል። እነርሱ ለሌሎቹ የነፈጉትን እነርሱ አገኙት። ይህን ሳስብ ቂም ሳይሆን እፎይታ ይሰማኛል።

ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሄድኩ። የዚያ ሌሊት ሟቾች አፅም ደርግ ከወደቀ በኋላ ከወኅኒው ጉድጓድ ወጥቶ ያረፈው እዚያ ነው። አባቴንም ይዣቸው ሄጄ ነበር። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ስሞቹን አንድ በአንድ አነበቡ፤ እንደ ልጅነታቸው በቃል ሳይሆን፣ በጣታቸው እየነኩ። ሲጨርሱ «ለወሎዎቹስ ስም የተጻፈበት የት ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ዛሬም ጋዜጣው ጉድ አያጣም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምንል ሰዎች ነንና፣ የአንድ ሹም መያዝ በተሰማ ቁጥር ሻይ ቤቱ ይሞቃል፤ እኔም እሞቃለሁ። ጥቂት ቆይቼ ግን ያቺ መነጽር ያደረጉ ሴት ትዝ ይሉኛል። ከዚያ በኋላ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ክሱ ምን ይላል? ማስረጃው ታየ? ፍርዱስ ምን ሆነ? አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ ሻይ ቤቱ ወደ ሌላ ወሬ አልፏል። የተራ ሰው ድርሻ ምናልባት ይህች ብቻ ናት፤ ሌላው ሁሉ ሲበተን ሒሳቡ እስኪዘጋ መቆየት።

ለአባቴ ቆርቆሮ መታሰቢያ የጻፍኳትን ስንኝ ልመርቅና ላብቃ፦

ሌባ ብዬ ጮኬ ፣ ደስ ብሎኝ አደርኩኝ፣
የጠፋው ምን እንደሁ ፣ ሳልቆጥር ቀረሁኝ።
ሲነጋ መዝገቡ ፣ ከሰውየው ጋራ
ተቀብሮ አገኘሁት ፣ ባንድ ጉድጓድ ስፍራ።
አሁን ለጎደለው ፣ ጠያቂ ቢመጣ፣
ምን ብዬ ልመልስ ፣ ሰነድ ከየት ላምጣ።